«የአሳማ ሳንባ በልጄ ሳንባ ውስጥ?» ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ስለሚሰጠው መድኃኒት

ዛሬ የማካፍላችሁ በገዛ ዘመዴ ቤት የደረሰውንና እኔም የተሳሳትኩበትን ነገር ነው። ትንሽ ረዘም ይላል። ነገር ግን እርጉዝ የሆናችሁ፣ በተለይ መንታ የያዛችሁ ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ፣ እንዲሁም ያለጊዜው የተወለደ ልጅ በቤታችሁ ያለ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የደወለው ጀርመን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባል ነበር። ባለቤቱ በ28 ሳምንቷ ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ በቀዶ ሕክምና ተገላግላለች። ሴት ልጅ፣ 1,050 ግራም። እናቲቱ ገና ከቀዶ ሕክምና ክፍል አልወጣችም።

«እህቴ፣ አንቺ ሐኪም ነሽና አንድ ነገር ንገሪኝ» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ልጅቷ መተንፈስ አቅቷታል። ሳንባዋ ውስጥ የሚፈስ መድኃኒት እንስጣት አሉኝ። ከአሳማ ሳንባ የተሠራ ነው፣ በሃይማኖት ምክንያት ቅር ሊልህ ስለሚችል ቀድመን እንንገርህ አሉኝ። እሺ ልበል? የእንስሳ ነገር ገብቶ ሰውነቷ እምቢ ቢልስ?»

እውነቱን ልንገራችሁ። የመድኃኒቱን ስም ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በእጄ ሰጥቼው ግን አላውቅም። ስለዚህ «ቆይ፣ ትንሽ ላንብብና መልሼ ልደውልልህ» አልኩት። ዘግቼ ማንበብ ጀመርኩ። መልሼ እስክደውል 40 ደቂቃ አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የልጅቷ የኦክስጅን ፍላጎት ከ32 በመቶ ወደ 45 በመቶ ወጥቶ ነበር።

ያ 40 ደቂቃ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን የምጽፈውም እናንተ ከአልጋው አጠገብ ቆማችሁ 40 ደቂቃ እንዳታጡ ነው።

ለምን ፈራሁ?

ፍርሃቴ ከባዶ የመጣ አልነበረም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ ወጣት እግሩን ሚስማር ወግቶት መጣ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ተሰጠው። ይህ መርፌ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ዓይነት ነው። ብዙም ሳይቆይ ገላው በሙሉ ሽፍ አለ፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ትንፋሹ አጠረ። አድሬናሊን ተሰጥቶት ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከእንስሳ የተሠራ» የሚለው ቃል በአእምሮዬ ውስጥ ከዚያ ወጣት ፊት ጋር ተቆራኝቶ ቀረ።

ስለዚህ አንድ አባት «ሰውነቷ እምቢ ቢልስ?» ብሎ ሲጠይቅ አላዋቂ ነው አልልም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የተሳሳተው እኔ ለሁለቱ መድኃኒቶች አንድ መልስ መያዜ ነው። ሁለቱም ከእንስሳ መጡ እንጂ በውስጣቸው ያለው ነገር ሌላና ሌላ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ስሙ ሰርፋክታንት ይባላል። ሥራውን ለመረዳት እርጥብ ፌስታል አስቡ። ውስጡ ውኃ የነካው ፌስታል ሁለቱ ጎኖቹ ተጣብቀው አልከፈትም ይላሉ። የሳንባችን ትንንሽ የአየር ከረጢቶችም ውስጣቸው እርጥብ ነው። እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸው ሳንባው ራሱ የሚያመነጨው፣ እንደ ሳሙና ውኃውን የሚያላላ ቅባት መሰል ነገር ነው። ሰርፋክታንት እሱ ነው።

ሕፃን በማኅፀን ውስጥ ይህን ቅባት በበቂ መጠን የሚያዘጋጀው ወደ 34 እና 35 ሳምንት ሲጠጋ ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ልጅ ግን ገና ጥቂት ነው ያለው። በየትንፋሹ ከረጢቶቹ ይጣበቃሉ፤ በየትንፋሹ እንደ አዲስ መክፈት አለበት። ስለዚህ ያቃስታል፣ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫው ይከፈታል ይዘጋል። በመጨረሻም ይደክመዋል።

ለዚህ ነው ከእንስሳ ሳንባ የተወሰደ ሰርፋክታንት በቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባው የሚሰጠው። ከአሳማ የሚዘጋጀው በብዛት የሚታወቀው ኩሮሰርፍ ነው። ከከብት የሚዘጋጁም አሉ፤ ሰርቫንታ አንዱ ነው።

ሰውነት ለምን አይቆጣም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። የሰውነታችን መከላከያ እንግዳ ነገርን የሚለየው በአብዛኛው በፕሮቲኑ ነው። ከፈረስ ደም የሚዘጋጀው መርፌ ዋናው ነገሩ ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ትልልቅ የፈረስ ፀረ እንግዳ አካላት። የሰው ሰውነት «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ቢነሣበት አይገርምም።

ሰርፋክታንት ግን በአብዛኛው ስብ ነው። የኩሮሰርፍን አንድ ሚሊ ሊትር ብንወስድ በውስጡ 80 ሚሊ ግራም ሰርፋክታንት አለ። ከዚህ ውስጥ 76 ሚሊ ግራሙ ፎስፎሊፒድ የሚባል የስብ ዓይነት ነው። ፕሮቲኑ 1 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ዋናው ስብ ደግሞ በአሳማም፣ በላምም፣ በሰውም ሳንባ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። የአሳማ ጨው እና የሰው ጨው ብሎ ነገር እንደሌለ ሁሉ ማለት ነው።

የቀረችው ጥቂት ፕሮቲንስ? በሳንባ ውስጥ አራት ዓይነት የሰርፋክታንት ፕሮቲኖች አሉ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ይባላሉ። ትልልቆቹና መከላከያን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ ተብለው የሚፈሩት ኤ እና ዲ በማጣራቱ ሂደት ተወግደዋል። የሚቀሩት ቢ እና ሲ ትንንሽና ከስቡ ጋር የተጣበቁ ናቸው። ቅርጻቸውም ከእንስሳ እንስሳ፣ ከእንስሳም ወደ ሰው ብዙ አይለያይም።

ሌላም ነገር አለ። በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን የመከላከያ ሥርዓቱ ራሱ ገና ልጅ ነው። የራሱን ፀረ እንግዳ አካል በደንብ አያመርትም፤ ከእናቱ የሚያገኘውም በአብዛኛው የሚተላለፈው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ስለሆነ ብዙ አልደረሰውም። ይህ ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል፤ ስለ እሱ መጨነቅ ተገቢ ነው። እንደዚያ ወጣት ወዲያው በቁጣ የሚነሣ መከላከያ ግን ገና የለውም። መድኃኒቱም የሚሰጠው አንዴ፣ ካስፈለገ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው እንጂ ለወራት አይደለም።

ተመራማሪዎችስ አልፈሩም ነበር?

ፈርተው ነበር። ስለዚህም ፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒቱ የተሰጣቸውን ሕፃናት ደም መርምረው «በሰርፋክታንት ላይ የተነሣ ፀረ እንግዳ አካል አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። በአንዳንድ ሕፃናት ደም ውስጥ ሰርፋክታንትና ፀረ እንግዳ አካል ተያይዘው ተገኙ። ወላጅ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ግን ቀጣዩን ስሙ። ይኸው ነገር መድኃኒቱ ጭራሽ ባልተሰጣቸው የታመሙ ሕፃናት ላይም ተገኘ። ሳንባው ሲጎዳ የልጁ የራሱ ሰርፋክታንት ወደ ደም ያፈስሳልና። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ በዚህ ምክንያት የታመመ ሕፃን ይህ ነው ብለው ሊያሳዩ አለመቻላቸው ነው። ከከብት የተዘጋጀው መድኃኒት የተሰጣቸው ሕፃናት በኋላ ሲከታተሏቸውም በአለርጂ፣ በእድገትም ሆነ ተመልሶ ሆስፒታል በመተኛት ካልተሰጣቸው የሚለዩበት ቁም ነገር አልተገኘም።

ሌሊቱን ሳነብ ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የታሪኩ ሌላ ገጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ከጄር ሚድ ጋር ሆና እነዚህ ሕፃናት የሚሞቱት ሰርፋክታንት ስለሚጎድላቸው መሆኑን አሳየች። እ.ኤ.አ. በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደና በዚሁ በሽታ በ39 ሰዓቱ ሞተ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ሆኖ እንኳ መድኃኒት አልነበረም። በዚያው ዘመን ተመራማሪዎች ስቡን ለብቻው ለሕፃናት ለመስጠት ሞከሩ። እንግዳ ፕሮቲን የለበትም፤ የሚያስፈራ ነገር የለበትም። አልሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓናዊው ሐኪም ፉጂዋራ ከላም ሳንባ የተዘጋጀውን ለአሥር ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሰጠ። ሕፃናቱ መተንፈስ ቻሉ። ልዩነቱ ምን ነበር? ያቺ የምንፈራት ጥቂት ፕሮቲን ናት። ስቡ በአየር ከረጢቱ ላይ በፍጥነት እንዲዘረጋ የምታደርገው እሷ ናት። በኋላም ያለ ፕሮቲን በፋብሪካ የተሠራው ከእንስሳ ከተገኘው ጋር ሲወዳደር ከእንስሳ የተገኘው ቶሎ ሠራ፤ ሳንባቸው አየር የሚያፈስስባቸው ሕፃናትም በእሱ አነሱ። ኩሮሰርፍ የመጣው ከስዊድን ነው፤ ስሙም ከሠሩት ከኩርስቴትና ከሮበርትሰን ስም ተቀንጭቦ የወጣ ነው።

እንግዲህ አስቡት። እኔ 40 ደቂቃ ያሳለፍኩት መድኃኒቱን መድኃኒት ያደረገውን ያንኑ ነገር በመፍራት ነበር።

ታዲያ በእውነት ሊያሳስበን የሚገባው ምንድን ነው?

መድኃኒቱ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። ሐኪሞቹና ነርሶቹ አጠገቡ ቆመው የሚጠባበቁት ይህን ነው፦

– በሚሰጥበት ደቂቃ የልብ ምት ሊቀንስ፣ ኦክስጅኑም ለአፍታ ሊወርድ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቆም ሲሉ ይመለሳል።
– ቱቦው በመድኃኒቱ ሊዘጋ ወይም መድኃኒቱ ተመልሶ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።
– ሳንባው በድንገት ሲከፈት የኦክስጅኑንና የመሣሪያውን ግፊት ቶሎ መቀነስ ያስፈልጋል።
– አልፎ አልፎ፣ በተለይ በጣም ትንንሽ በሆኑት ላይ፣ ሳንባ ውስጥ መድማት ሊከሰት ይችላል።

እነዚህ የመከላከያ ቁጣ አይደሉም፤ ከአሰጣጡና ከሳንባው ለውጥ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ የሚሰጠው በሠለጠነ እጅ፣ ክትትል ባለበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ብቻ ነው።

ሌሎች በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን በአጭሩ ልመልስ። «ከላም የተሠራው የላም ወተት አለርጂ ያመጣል ወይ?» የወተት አለርጂ የሚነሣው በወተት ፕሮቲኖች ላይ ነው፤ እነሱ በዚህ መድኃኒት ውስጥ የሉም። «ክትባቱን ያዘገያል ወይ?» ሰርፋክታንት ስለወሰደ የሚዘገይ ክትባት የለም። ክብደቱ ትንሽ ከሆነ ግን የእያንዳንዱን ክትባት ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

የሃይማኖቱስ ጉዳይ?

መልሼ ደውዬ «እሺ በላቸው፣ አሁኑኑ» ካልኩት በኋላ ለልጅቷ 2.6 ሚሊ ሊትር ተሰጣት። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ እምብዛም የማይበልጥ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የኦክስጅን ፍላጎቷ ወደ 25 በመቶ ወረደ። አባቷ ስልኩን ይዞ ሲያለቅስ ሰማሁት።

በማግሥቱ ደግሞ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ሰምታለች። ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላለች።

«አንቺ ልጅ፣ የአሳማ ሳንባ አስገቡባት አሉ። ክርስትና ትነሣለች ወይ?» አለችኝ።

«አክስቴ፣ መድኃኒት ነው እኮ። ባይሰጣት ኖሮ ክርስትናዋን የምንጠይቅበት ቀንም ላይኖር ነው» አልኳት። አልበቃትም። የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም «ምግብ አላበሏትም፣ ነፍስ አተረፉባት። በይ ተመስገን በዪ» አሏት። ከዚያ በኋላ ነው እፎይ ያለችው።

እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ብዙ የእስልምና ሊቃውንትም ሕይወት ለማትረፍ ሌላ አማራጭ በሌለበት ጊዜ የሚፈቅደውን የአስገዳጅ ሁኔታ መርህ ያነሣሉ። ከከብት የተዘጋጀው በአንዳንድ ቦታ አለ፤ ካለ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጅ ሊቀድም ይችላል የተባላችሁ እናቶች ጥያቄውን ዛሬ ጨርሱት። ሌሊት በስልክ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። እኔ አይቼዋለሁ።

አገር ቤት ላለን

አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁ «ዶክተር፣ እዚህ መች ተገኝቶ» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። በአገራችን ሰርፋክታንት እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውም ውድ ነው። ነገር ግን የልጁን ሳንባ የሚያግዙ፣ ከእንስሳም ያልተሠሩ፣ ዋጋቸውም እንዲህ ያልከበደ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ለእናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ነው፤ ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን። ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ምጥ ሊመጣ ሲል ወይም በሕመም ምክንያት ቀድሞ ማዋለድ ሲያስፈልግ ይሰጣል። የልጁ ሳንባ የራሱን ሰርፋክታንት ቶሎ እንዲያዘጋጅ ያደርጋል። በደንብ የሚሠራው ግን ከመውለድ በፊት አንድ ቀን ያህል ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ከጊዜው ቀድሞ ቁርጠት፣ የውኃ መፍሰስ፣ ደም፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካያችሁ «እስኪነጋ ልጠብቅ» አትበሉ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።

ሁለተኛው ሲፓፕ ነው። በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት እየሰጠ ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ብዙ ሕፃናት በዚህ ብቻ ይወጡታል። ሦስተኛው የእናት ገላ ነው። ልጁን በደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ ትንፋሹንም ያረጋጋል። አባትም ማቀፍ ይችላል።

ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

«ከእንስሳ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማወቅ መብታችሁ ነው። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። «አሁን ስንት በመቶ ኦክስጅን ነው የሚፈልገው? እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ብንጠብቅ ምን ይሆናል? ሲሰጠው ማን አጠገቡ ይቆማል?» በሉ። ያቺ ሌሊት ሐኪም ሆኜ ልጠይቅ የሚገባኝ እነዚህን ነበር። ያለመጠየቄን ለአባቷ ነግሬዋለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ።

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አልተነሣችም፤ ከሆስፒታል የወጣችው በዚያው ሰሞን ነበርና ትንሽ ዘገየ። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስንነጋገር የልደት ሻማዋን አንድ ጊዜ እፍ ብላ አጠፋችው። አክስቴ እልል አለች። እኔ ዝም ብዬ ያችን አንድ ትንፋሽ ነበር የማየው።

ይህን ጽሑፍ እርጉዝ ለሆነች እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ አጋሩላት። ጽሑፉ ግንዛቤ ለመስጠት ነው፤ የልጃችሁን ሁኔታ የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ሐኪም ስለሆነ ውሳኔውን ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።